ሃዋርድን 34 ዓመት የመሩት ሰው፦ አባት ወይስ አምባገነን?

ጥያቄ፦ «ሰላም ፕሮፌሰር። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ዘንድሮ ዋሽንግተን ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የአስተዳደር ሕንፃው በስማቸው ስለተሰየመው ስለ ሞርዴካይ ጆንሰን ጽሑፍ አዘጋጂ ተብላ እኔን ታስጨንቀኛለች። አንድ የድሮ ተመራቂ ‹የሃዋርድ አባት ናቸው› አሉኝ። ሌላው ደግሞ ‹አምባገነን ነበሩ፤ ስለ ኢትዮጵያ ጥንታዊ ታሪክ ሲለፉ የኖሩትን ፕሮፌሰር ሃንስቤሪን ያስመረሩ ሰው ናቸው› አሉኝ። እውነቱ የቱ ነው? አንድ ሰውስ እንዴት 34 ዓመት ሙሉ ፕሬዚዳንት ሆኖ ይቆያል? ለጃንሆይ የክብር ዶክትሬት የተሰጠው በእሳቸው ጊዜ ነው የሚባለውስ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ሁለቱም ሰዎች አልዋሹዎትም። ልጅዎ ግን ጽሑፏን «ደግ ነበሩ ወይስ ክፉ» ብላ ከጀመረች ብዙ አትራመድም። ስለ አንድ የኮሌጅ ፕሬዚዳንት ስጠየቅ እኔ አስቀድሜ የማየው የበጀቱን መዝገብ ነው። ገንዘቡ ከማን ይመጣል? ለመጠየቅስ ማን ይሄዳል? የጆንሰን ሥልጣን፣ ድፍረታቸው፣ በመምህራኖቻቸው ላይ የነበራቸው ከባድ እጅ፣ ሁሉም ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። በየዓመቱ ኮንግረስ ፊት ቆመው የዩኒቨርሲቲውን እንጀራ ይዘው የሚመለሱት እሳቸው ነበሩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ አስተዳደጋቸው በአጭሩ። በ1890 ቴኔሲ ውስጥ ፓሪስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከባርነት የወጡ፣ የሥራ ቀኑን በፋብሪካ ጉልበት ሥራ እያሳለፉ የሚሰብኩ የባፕቲስት ሰባኪ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ጆንሰን ዛሬ ሞርሃውስ ከሚባለው የአትላንታ ኮሌጅ በ1911 ተመርቀው እዚያው አስተማሩ። ከዚያ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎ ሮቸስተር የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻም በ1922 ከሃርቫርድ የማስተርስ ዲግሪ። ወደ ሃዋርድ የመጡት ዌስት ቨርጂኒያ ቻርልስተን ውስጥ ካገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ሳሉ የጥቁሮችን መብት ማኅበር የኤንኤኤሲፒን ቅርንጫፍ አቋቁመዋል፤ የኅብረት ሱቅም አስከፍተዋል። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ፦ ጆንሰን ተምረው ያገኙት ዶክትሬት አልነበራቸውም። «ዶክተር» የተባሉት በክብር በተሰጣቸው ማዕረግ ነው። ሃንስቤሪ ጋ ስንደርስ ይህ ነገር ይፈለጋል።

ሃዋርድ በ1867 በኮንግረስ ቻርተር የተቋቋመ ነው። ስሙን ያገኘው ከጄኔራል ኦሊቨር ሃዋርድ ሲሆን፣ እሳቸው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነፃ የወጡትን ባሮች ጉዳይ የሚከታተለውን መሥሪያ ቤት የመሩ ሰው ናቸው። ለጥቁሮች ተብሎ ይቋቋም እንጂ እስከ 1926 ድረስ ፕሬዚዳንቶቹ ሁሉ ነጮች ነበሩ። የመጨረሻው ስታንሊ ደርኪ ሲሰናበቱ ቤቱ ይታመስ ነበር። በ1925 ተማሪዎች ትምህርት አቁመዋል፣ መምህራኑ አኩርፈዋል፣ ፈላስፋውን አሌን ሎክን ጨምሮ አንዳንዶቹ ተባርረዋል። ቦርዱ መጀመሪያ የመረጠው ጆን ግሬግ የተባሉ ጳጳስ ነበር። እሳቸው «ይቅርብኝ» ሲሉ ዕድሉ ለ36 ዓመቱ ሰባኪ ደረሰ። ሁለተኛ ምርጫ ሆኖ ገብቶ ሠላሳ አራት ዓመት መቆየት! የቦርድ ምርጫ ምን ያህል ዕውር ድንብር እንደሆነ ለተማሪዎቼ ስነግር ይህን ነው የምጠቅሰው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኮንግረስ ከ1879 ጀምሮ ለሃዋርድ በየዓመቱ ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ስጡ የሚል ሕግ ግን አልነበረም። በምክር ቤቱ ደንብ ደግሞ ሕግ ያልፈቀደውን ወጪ አንድ አባል ብቻውን ተነሥቶ ተቃውሞ ቢያቀርብበት ከረቂቁ ሊወጣ ይችላል። ዘር መለየትን የሚደግፉ የደቡብ ተወካዮች በሞሉበት ምክር ቤት ያ አንድ ሰው እንደማይጠፋ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ የሃዋርድ ፕሬዚዳንት መምህር ሲቀጥር የመጪውን ዓመት ደመወዝ ከየት እንደሚከፍል አያውቅም ነበር። እንዲህ ባለ ገንዘብ የሕክምና ትምህርት ቤት አይደራጅም። ስም ያለው ምሁርም የያዘውን ሥራ ለቅቆ አይመጣም።

ጆንሰን በገቡ በሁለት ዓመታቸው ይህን ቋጠሮ አስፈቱ። አጋራቸው የሚሺጋኑ ሪፐብሊካን ሉዊስ ክራምተን ነበሩ፤ የሃዋርድ በጀት የሚታይበትን ንዑስ ኮሚቴ ይመሩ ነበር። ዲሴምበር 13 ቀን 1928 የሃዋርድ ቻርተር ተሻሽሎ ኮንግረስ ለዩኒቨርሲቲው ግንባታ፣ ልማትና ሥራ ማስኬጃ በየዓመቱ በጀት እንዲመድብ በሕግ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ አንድ ተወካይ በመነሣት ብቻ ሊያስወጣው አይችልም። ልጅዎ ግቢው ውስጥ ክራምተን የሚባለውን አዳራሽ አይታው ይሆናል፤ የእኚሁ ሰው ስም ነው። በ1929 ጆንሰን፣ ኤንኤኤሲፒ ትልቅ ሥራ ለሠራ ጥቁር አሜሪካዊ በየዓመቱ የሚሰጠውን የስፒንጋርንን ሜዳልያ የተሸለሙት በዚህ ሥራ ነው። ከሠሩት ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እኔም ይህንኑ እመርጣለሁ፤ ከሕንፃዎቹም ከንግግሮቹም በፊት።

ሕጉ መጠየቁን አላስቀረም። የገንዘቡ መጠን በየዓመቱ ይወሰናል፤ ፕሬዚዳንቱም በየዓመቱ ኮሚቴው ፊት ይቀርባሉ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። ጆንሰን ግን ሲቀርቡ አንገታቸውን አይደፉም ነበር። መልካቸው ቀይ ከመሆኑ የተነሣ ብዙ ሰው ነጭ ይመስሉታል፤ ንግግራቸው የመድረክ ሰባኪ ንግግር ነው፤ ወረቀት አይዙም፣ ሰዓትም አያዩም። (ተመራቂዎች ስለ ንግግራቸው ርዝመት የሚያወሩት ቀልድ አሁንም አላለቀም።) በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ለጥቁሮች ተቋም የመንግሥትን ገንዘብ እንደ መብት ሲጠይቅ መስማት ለብዙ ተወካዮች አዲስ ነገር ነበር።

በገንዘቡ ምን ሠሩ? ምሳሌ የማደርገው የሕግ ትምህርት ቤቱን ነው። እስከዚያ ድረስ የማታ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቹ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወይም ተላላኪ ሆነው ውለው ማታ ሕግ የሚማሩ ሰዎች ናቸው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ ጆንሰንን አግኝተው፣ ጥቁር ጠበቆች ይዘውት የሚቀርቡት ክርክር ዝግጅት እንደሚጎድለውና መፍትሔው እውነተኛ የሕግ ትምህርት ቤት ማቋቋም እንደሆነ መከሯቸው ይባላል። ጆንሰን በ1929 ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተንን ምክትል ዲን አድርገው አመጡ። ሂውስተን ሃርቫርድ የተማሩ፣ ወታደር የነበሩ፣ ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። የማታውን ክፍል ዘጉ፤ በ1931 ትምህርት ቤቱ ከአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ሙሉ እውቅና አገኘ።

ይህ በወቅቱ የተጨበጨበለት ውሳኔ እንዳይመስልዎት። እዚያው ማታ ተምረው ጠበቃ የሆኑ ተመራቂዎች በጣም ተቆጡ። ቀን እየሠራ የሚማር ድሃ በሩ ተዘጋበት፤ የተማሪው ቁጥርም አሽቆለቆለ። ዋሽንግተን ውስጥ ቀን ታክሲ እየነዱ ማታ የተማሩ ወገኖቻችንን አስቡና ቁጣው ይገባዎታል። ቅሬታቸው እውነት ነበረበት፤ ጆንሰን ግን ወደ ኋላ አላሉም። በ1930 ቱርጉድ ማርሻል የሚባል ወጣት ከባልቲሞር በባቡር እየተመላለሰ መማር ጀመረ፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ያኔ ጥቁር አይቀበልም ነበር። በ1933 አንደኛ ወጥቶ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ከሂውስተን ጋር ሆኖ ያንኑ የሜሪላንድ ትምህርት ቤት ከሰሰና አሸነፈ። በ1954 በትምህርት ቤት ዘር መለየትን ሕገ ወጥ ያሰኘውን የብራውንን ክርክር የመራው፣ በ1967 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የሆነው እሱ ነው።

ከዚያ ታሪክ ውስጥ ሰዎች የሚዘሉት ክፍል አለ። ከብራውን ጋር በዚያው ቀን፣ ሜይ 17 ቀን 1954፣ የዋሽንግተን ከተማ የራሷ ጉዳይም ተወስኗል፤ ቦሊንግ በሻርፕ ላይ ይባላል። በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከራከሩት የሃዋርድ የሕግ መምህራን ጀምስ ናብሪትና ጆርጅ ሄይስ ናቸው። ዋሽንግተን ያን ጊዜ የምትተዳደረው በኮንግረስ ነው። ሃዋርድም አብዛኛውን ገንዘብ የሚያገኘው ከኮንግረስ ነው። እንግዲህ ኮንግረስ ደመወዛቸውን የሚከፍላቸው መምህራን፣ ኮንግረስ የሚያስተዳድራቸውን ትምህርት ቤቶች ከስሰው ረቱ ማለት ነው። በጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚቀርቡ ክርክሮች አስቀድመው የሚፈተኑት ሃዋርድ ውስጥ በሚደረግ የልምምድ ችሎት ነበር፤ መምህራኑ ዳኛ ሆነው ይቀመጣሉ፣ ጠበቆቹን በጥያቄ ያፋጥጣሉ። ፕሬዚዳንቱ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። «በጀታችን ይነካል» ብለው አላስቆሙም። በ1960 እሳቸውን የተኳቸውም እኚሁ ናብሪት ናቸው።

በንግግር ነፃነት በኩልም አብዛኛውን ጊዜ አልተፈቱም። እሳቸው ራሳቸው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ስለ ሶቭየት ኅብረት ሙከራ በጎ ቃል ተናግረው ከኮንግረስ «ይባረሩ» የሚል ጩኸት ተነሥቶባቸዋል። በሜይ 1935 የፖለቲካ ሳይንሱ መምህር ራልፍ ባንች ከሌሎች ጋር ሆነው በኢኮኖሚ ቀውሱ ጊዜ ስለ ጥቁሮች ኑሮ ግቢው ውስጥ ጉባኤ ጠሩ፤ ግራ ዘመሞችም ተገኙ። «ሃዋርድ የኮሚኒስት ጎሬ ሆኗል፣ ይመርመር» ተባለ። ጆንሰን መምህራኑን አሳልፈው አልሰጡም። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስም ከጎናቸው ቆሙ። ባንች በ1950 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲያገኙ፣ ያኔ ምርመራ ሲጠይቁ የነበሩት ምን ተሰምቷቸው ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

አሁን ደግሞ ሌላው ገጽ፤ አምባገነን ያሉዎት ሰው የሚያውቁት ይህን ነው።

በ1943 የሃዋርድ ተማሪዎች 14ኛውና ዩ ጎዳና ማዕዘን ላይ የነበረውን ሊትል ፓላስ የሚባል ምግብ ቤት መረጡ። ሠፈሩን ያውቁታል፤ ዛሬ የእኛ ሰዎች ሬስቶራንቶች ከተደረደሩበት ከ9ኛው ጎዳና በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ሠፈሩ የጥቁሮች ሆኖ ሳለ ምግብ ቤቱ ጥቁር አያስተናግድም ነበር። ተማሪዎቹ በሰልፍ ገቡ፣ ትሪ ያዙ፣ «አናስተናግድም» ሲባሉ ባዶ ትሪያቸውን ይዘው ቁጭ ብለው መጽሐፋቸውን ማንበብ ጀመሩ። ባለቤቱ በቀናት ውስጥ ተረታ። ከመሪዎቹ አንዷ ፖሊ ሙሬይ የምትባል የሕግ ተማሪ ነበረች። በኤፕሪል 1944 ደግሞ መሃል ከተማ ቶምፕሰን በሚባለው ምግብ ቤት ላይ ያንኑ ደገሙና እዚያም ተስተናገዱ።

ነገሩ ሊቀጥል ሲል የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር አቁሙ የሚል ትእዛዝ አወጣ። ምክንያቱ በጀት ነው። ከሃዋርድ ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሸፍነው ኮንግረስ ነው፤ የዋሽንግተንን ጉዳይ በሚያየው የሴኔት ኮሚቴ ወንበር ላይ ደግሞ የሚሲሲፒው ቴዎዶር ቢልቦ ተቀምጦ ነበር፤ ጥቁሮች በሙሉ ወደ አፍሪካ ይጫኑ ብሎ የሚከራከር ሴናተር። ተማሪዎቹ አዘኑ፣ ተቆጡ፣ ግን አቆሙ። የተቀመጡበት ስልት በ1960 ደቡቡን ሲያናውጥ ጆንሰን የጡረታ ዓመታቸው ላይ ነበሩ።

ለምን ጠበቆቹን ተዉ፣ ተማሪዎቹን ከለከሉ? የእኔ ግምት ይህ ነው። የፍርድ ቤት ክርክር ጊዜ ይወስዳል፣ ማመልከቻው በጠበቃ ስም ነው፣ ኮሚቴ ፊት «የሕግ መምህር የግል ሙያው ነው» ብሎ መመለስ ይቻላል። በዩኒቨርሲቲው ስም ተሰልፎ ምግብ ቤት የገባ ተማሪን ግን ኮሚቴ ፊት የትም መደበቅ አይቻልም። ጆንሰን የሚመዝኑት በዚህ ሚዛን ነበር፦ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠየቁ ምን ብለው ይመልሳሉ? ስህተት ነበር ብዬ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ በጀቱ ቢቆረጥ መጀመሪያ የሚጎዱት እነዚያው ተማሪዎች ነበሩ። ነገር ግን ገንዘቡ ነፃነት ብቻ ሳይሆን ልጓምም እንደነበረ ይህን ያህል ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አላውቅም።

በመምህራኑ ላይ ያደረጉትን ግን እንዲህ በቀላሉ አልፈርድላቸውም። ከኬሊ ሚለር ጋር፣ ለአሥርት ዓመታት የሃዋርድ አንደበት ከነበሩት ምሁር ጋር፣ በጋዜጣ ሳይቀር ተካሰሱ። የባዮሎጂ ሊቁ ኧርነስት ጀስት በ1915 የመጀመሪያው የስፒንጋርን ሜዳልያ የተሰጣቸው ሰው ናቸው፤ ጆንሰን ክፍል ገብተው እንዲያስተምሩ፣ ጀስት ደግሞ በአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች እንዲመራመሩ እየፈለጉ ዓመታት ተጓተቱ፤ ጀስት ተማርረው በ1941 አረፉ። በ1930ዎቹ የተመራቂዎች ማኅበር ሳይቀር ይውረዱ ብሎ ዘመቻ ከፍቷል። ቅሬታው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ዲኖችን ሳያማክሩ ይወስናሉ፣ የተቃወማቸውን አይረሱም፣ ምክር ሲሰጣቸው ስብከት ይመልሳሉ።

ይህን ሁሉ ተሸክመው እንዴት 34 ዓመት ቆዩ? አንደኛ፣ ዘመኑ እንደዚያ ነበር። ቻርልስ ኤልየት ሃርቫርድን 40 ዓመት መርተዋል፤ ኒኮላስ ሙሬይ በትለር ኮሎምቢያን ከ1902 እስከ 1945 ይዘዋል። ጆንሰን ሥር የሃይማኖት ትምህርት ዲን የነበሩት ቤንጃሚን ሜይስም ሞርሃውስን 27 ዓመት መርተዋል። የሥራ ዘመን ገደብ የሚባል ነገር አልነበረም። ዋናው ምክንያት ግን ያው ነው። «ይነሡ» የሚል ድምፅ በተነሣ ቁጥር የቦርዱ አባላት ራሳቸውን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ በመጪው ዓመት ኮሚቴው ፊት ማን ይቁም? ለዚያ ሌላ ሰው አላዘጋጁም። ጆንሰንም እንዲዘጋጅ አልፈለጉም። በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥፋታቸው ይህ ነው፤ ከጀስትም ከሚለርም ጠብ ይበልጣል። 1940ዎቹ ሲያልቁ ቢለቁ ኖሮ ዛሬ አምባገነን የሚላቸው ብዙ ሰው አይኖርም ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ባዶ ነበሩ ማለቴ ግን አይደለም። ከሕንድ ሲመለሱ በ1950 ፊላደልፊያ ውስጥ ስለ ጋንዲ ንግግር አደረጉ። አዳራሹ ውስጥ ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚባል የነገረ መለኮት ተማሪ ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ ስለ ጋንዲ የተጻፉ መጻሕፍት ገዝቶ እንደገባ በኋላ ራሱ ተናግሯል። በ1958 ደግሞ ሃዋርድ የመጀመሪያውን የራሱን ዶክትሬት በኬሚስትሪ ሰጠ። ሲጀምሩ የማታ ሕግ ትምህርት ቤት እውቅና ለማግኘት ይታገል የነበረ ተቋም ነው።

ስለ ሃንስቤሪ የጠየቁት እንደ ኢትዮጵያዊ ቢያሳስብዎ አይገርመኝም። ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ሃዋርድ የገቡት በ1922 ነው፤ ከጆንሰን አራት ዓመት ቀድመው። የአፍሪካን ጥንታዊ ሥልጣኔ፣ ኩሽን፣ ኢትዮጵያን፣ ምዕራብ አፍሪካን፣ በመደበኛ ኮርስ ያስተምሩ ነበር፤ በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ጭንቅ ነው። ገና ከመጀመሪያው ባልደረቦቻቸው «ማስረጃ የሌለው ነገር ያስተምራል» ብለው ከሰሷቸው፤ ስለዚህ መከራው የተጀመረው በጆንሰን አይደለም። በጆንሰን ዘመን ግን አልቀለለም። የማዕረግ እድገታቸው ተንቀራፈፈ፣ የምርምር ገንዘብ አያገኙም ነበር። ሰበቡ ሁልጊዜ ዶክትሬት የላቸውም የሚል ነው። በመስካቸው ዶክትሬት የሚያስመርቅ ክፍል ባልነበረበት አገር! ዶክትሬት ሳይኖራቸው ፕሬዚዳንት የሆኑት ሰው ይህን ሰበብ መቀበላቸው ያኔም ብዙዎችን አሳዝኗል፤ እኔንም ያሳዝነኛል።

ይባስ ብሎ በ1950ዎቹ በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ የአፍሪካ ጥናት ፕሮግራም ሲቋቋም መሪነቱ ለሶሲዮሎጂስቱ ፍራንክሊን ፍሬዘር ተሰጠ፤ ሠላሳ ዓመት ብቻቸውን ሲያስተምሩት የኖሩት ሃንስቤሪ ከፕሮግራሙ ውጭ ቀሩ። ፍሬዘር ትልቅ ምሁር ናቸው፣ ክርክር የለውም። ለጋሽ ድርጅት ፊት የሚያቀርቡት ስም ያለው ሰው ሲፈለግ ስም የሌለው ይገፋል፤ ያው የገንዘቡ ሚዛን ነው። ሃንስቤሪ በ1959 ጡረታ ወጡ። ክብሩ የመጣው ከአፍሪካ ነው። የቀድሞ ተማሪያቸው፣ የናይጄሪያው የነፃነት መሪ ናምዲ አዚኪዌ፣ በ1963 ንሱካ በሚገኘው የናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ተቋም በስማቸው ሰየሙ፤ በ1964 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ለአፍሪካ ጥናት የሚሰጠውን ሽልማት ሸለማቸው። በዓመቱ አረፉ። ሃዋርድ በስማቸው አዳራሽ የሰየመው ከዚያ በኋላ ነው።

ለልጅዎ አንድ ተጨማሪ የአገር ክር ልስጣት። የጃንሆይ የግል ሐኪም የሆኑት ዶክተር መላኩ በያን የሕክምና ትምህርታቸውን የተማሩት ሃዋርድ ነው፣ በጆንሰን ዘመን። በ1934 ከሃንስቤሪና ከሌሎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ የምርምር ምክር ቤት የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ጣሊያን ሲወርረን የአሜሪካ ጥቁሮችን ለማስተባበር ከረዱት መንገዶች አንዱ ይህ ነው። በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌደሬሽንን የመሠረቱትም መላኩ ናቸው። እንግዲህ ሃንስቤሪን የገፋው ግቢ፣ መላኩ ከሃንስቤሪ ጋር የተገናኙበትም ግቢ ነው። ሁለቱንም ነገር አንድ ላይ መያዝ አለባት።

የክብር ዶክትሬቱ እውነት ነው። ጃንሆይ አሜሪካን በ1954 ሲጎበኙ ሃዋርድ ሄደው ተቀብለዋል፤ ፕሬዚዳንቱም ጆንሰን ነበሩ። የብራውንና የቦሊንግ ውሳኔዎች በተሰጡ ሰሞን መሆኑን ልብ ይበሉ። የሕግ መምህራኑ ድል ገና ትኩስ ነበር።

ልጅዎ ጽሑፏን ሁሉንም ነገር ልትጨምርበት ከሞከረች ይበዛባታል። እኔ ብሆን ሁለት ዓመት መርጬ አነጻጽር ነበር፦ 1928ን እና 1944ን። ፋውንደርስ ላይብረሪ ውስጥ ሙርላንድ ስፒንጋርን የሚባል የምርምር ማዕከል አለ። ዶሮቲ ፖርተር የተባሉ ሴት ከ1930 ጀምረው ለአርባ ዓመት በላይ ያደራጁት ነው፤ ስለ ጥቁሮች ታሪክ ዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ ስብስቦች አንዱ ነው። የቤተ መዛግብት ባለሙያዎቹ ተማሪ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል። አስቀድማ ቀጠሮ ትያዝ፣ የተማሪ መታወቂያዋን ትውሰድ፣ እርሳስም ትያዝ፤ እንዲህ ባሉ ክፍሎች እስክሪብቶ አያስገቡም።